ቀይ መብራት ለማያስደነግጣቸው

የመሥሪያ ቤቶቻችን ስም የሚነሣው ብዙ ጊዜ ለሐሜት ነውና፣ አንድ በጎነታቸው ሳይመሰገን መቅረቱ ያስቆጫል። ይህም በባክአፕ፣ ማለትም ፋይል ቢጠፋ መተኪያ እንዲሆን በሚቀመጥ ቅጂ ላይ ያላቸው ጽኑ እምነት ነው። ከፍተው ያላዩትን፣ መልሰው ያልሞከሩትንና የት እንደተቀመጠ በእርግጠኝነት የማያውቁትን ቅጂ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብሎ መፈረም፣ ጥቂት ጥርጣሬ ያደረበት ሰው የሚደፍረው ሥራ አይደለም።

መሣሪያዋን ታውቋታላችሁ። በፋይናንስ ክፍሉ የፋይል ካቢኔት ላይ፣ ከአሮጌው ፋክስ ጎን የተቀመጠች፣ በውስጧ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆነ ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለባት ጥቁር ሣጥን ናት። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ሌሊት ሌሊት ፋይላቸውን በኔትወርኩ በኩል ወደ እርሷ እንዲገለብጡ ታዝዘዋል። አቧራ እንዳይነካት ዳንቴል አልብሰዋታል፤ ዳንቴሉ የአየር መውጫዋን ቢደፍነውም ለእንግዳ ዓይን ያምራል። ከዳንቴሉ ሥር ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከዲስኮቹ አንዱ በተበላሸ ጊዜ ሣጥኗ ትጮህ ነበር፤ ምስጋና ለአስተዋዩ ባለሙያ ይሁንና፣ ጩኸቱን የሚያጠፋውን ትእዛዝ በዚያው ዕለት ፈልጎ አግኝቶታል። ዲስክ መቀየር ግዥ ይጠይቃል፣ ግዥ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ጩኸት ማጥፋት ግን ፊርማ አያስፈልገውም።

ይበልጥ የሚደነቀው የየጠዋቱ ሥርዓት ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ ከስክሪኑ ታችኛው ጥግ «የመጨረሻው ባክአፕ አልተሳካም» የምትል መልእክት ብቅ ትላለች። ጣት ከዓይን ይፈጥናልና፣ ዓረፍተ ነገሩ ተነብቦ ሳያልቅ የኤክስ ምልክቷ ተጭና መልእክቷ ትሰናበታለች። ይህ የቅልጥፍና ውጤት ነው፤ በልምምድ ካልሆነ በአንድ ቀን አይገኝም።

ምክንያቱን ቁጭ ብሎ የሚመረምር ሰውስ ምን ያተርፋል? መጀመሪያ የሚያገኘው፣ ባክአፑ የተመደበው ለሌሊት ስምንት ሰዓት መሆኑንና የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ኃላፊነቱን የሚያከብር ሰው በመሆኑ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብሬከሩን እንደሚያወርደው ነው። ይህን ቢያስተካክል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኔትወርኩን የሚያገናኘው ራውተር ለሣጥኗ ሌላ የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የምትገኝበትን ቁጥር) እንደሰጣት ይደርስበታል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን የቀድሞውን አድራሻ ይዘው፣ ተከራዩ የለቀቀውን ቤት እንደሚያንኳኳ የገጠር ዘመድ ሲያንኳኩ ያድራሉ። ለሣጥኗ ቋሚ አድራሻ በራውተሩ ላይ መመዝገብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የራውተሩን ፓስወርድ የሚያውቀው ባለሙያ ግን መሥሪያ ቤቱን ለቅቋል፤ ርክክብ ሲደረግ የተቆጠሩትም ወንበሮች ብቻ ነበሩ።

ትዕግሥቱ ካላለቀ ወደ ረቂቁ ጉዳይ ይገባል። ሒሳብ ሠራተኛዋ የሣጥኗ ፎልደር «ዜድ» በሚል ፊደል ከሌሎቹ ድራይቮች ጋር ይታያታል፤ ስትጫነውም ይከፈታል፤ ስለዚህ «ኔትወርኩማ ይሠራል» ማለቷ ሐሰት የለበትም። የባክአፕ ፕሮግራሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሲስተሙ አካውንት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ በራሱ ስም ነው፤ ዜድ የተባለው ፊደል ደግሞ የተሰጠው ለእርሷ፣ ያውም በስሟ ገብታ እስካለች ድረስ ነው። እናም ሌሊት የተነሣው ፕሮግራም ዜድን ፈልጎ ያጣና «መንገዱ አልተገኘም» ብሎ ያቆማል፤ ሲነጋ ዜድ በቦታው አለ። መድኃኒቱ በፊደሉ ፈንታ የሣጥኗን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ መጻፍ፣ ለፕሮግራሙም የራሱን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ መስጠት፣ ያ ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር እዚያም መቀየሩን ማስታወስ ነው። ክቡር ጊዜውን በዚህ ከሚያባክን ይልቅ «ቫይረስ ይሆናል» ብሎ የሚያልፈው ባለሙያ ስንት ስብሰባ ይካፈላል!

ማይክሮሶፍትም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ ከአዲስ የዊንዶውስ 10 ጭነቶች አስወጣው፤ በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ደግሞ የመልእክቱን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ግንኙነት አልቀበልም አለ። ይህን የማታውቀው አሮጌ ሣጥን ከአፕዴቱ ማግስት ጀምሮ ባይታዋር ሆነች። ሶፍትዌሯን ማደስ ወይም በስምና በፓስወርድ መግባት ይቻል ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ለቆየ ወዳጅ ታማኞች ናቸውና ኤስኤምቢ 1ን መልሰው ከፈቱት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዚያው በር ገብቶ መሆኑ እንግዳ ተቀባይነታቸውን አልቀነሰውም።

ደግነቱ ብቻችንን አይደለንም። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያው በስሕተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሲያጠፋበት፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ ቅጂውን የሚሠራው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይስማማ አሮጌ እትም ስለነበረ ሳይሠራ ከርሟል፣ «አልተሳካም» የሚሉት ኢሜይሎችም በላኪ ማረጋገጫ ጉድለት ተመላሽ ሆነው ማንም ዘንድ አልደረሱም። ቢደርሱስ ማን ያነብባቸዋል ብለን ልናጽናናቸው እንችል ነበር። የዳኑት ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ባነሣው ቅጂ ነው። አንድ ነውር ግን ፈጸሙ፤ የሆነውን ሁሉ ጽፈው ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ደቡብ ኮሪያም ብትሆን፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ሲቃጠል የመንግሥት ሠራተኞች የጋራ ማከማቻ 858 ቴራባይት ይዞ ወድሟል፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ያልተቀመጠለትም መጠኑ እጅግ በመብዛቱ እንደሆነ ተነግሯል። ከእኛ የሚለዩት በቴራባይቱ ብቻ ነው።

ኦዲተር ሲመጣ የሚታየው እርጋታ ደግሞ ለብቻው ይደነቃል። «ባክአፕ አላችሁ?» ሲባል «አለን» ይባላል፤ «ሁለት ዲስክ ነው እኮ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» የሚል ማብራሪያም ይታከልበታል። አንዱ ቀድሞ እንደሞተ፣ በስሕተት የተሰረዘ ወይም በቫይረስ የተቆለፈ ፋይልም በሁለቱም ላይ በእኩል ፍጥነት እንደሚሰረዝና እንደሚቆለፍ ማንሣት የእንግዳን ቡና ማበላሸት ነው። ፎልደሩ ተከፍቶ ይታያል፤ ስሙ «አዲሱ ባክአፕ የመጨረሻ 2» ይባላል። በውስጡ ብዙ ቦታ የያዘው የአንድ ባልደረባ የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ቦታው ሞልቶ የሒሳብ ፋይሎቹ መግባት ያቆሙትም ከሠርጉ ሳምንት ጀምሮ ነው። «እስቲ አንድ ፋይል መልሳችሁ አሳዩኝ» የሚል ኦዲተር ግን አልተወለደም።

የደመወዝ ፋይሉ የጠፋ ዕለት እንኳ ይህ ሥርዓት አይናወጥም። ወዲያው ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴውም ችግሩ የአቅም ማነስ መሆኑን ደርሶበት እጥፍ የሚይዝ ሣጥን እንዲገዛ ይወስናል። አቅራቢው አዲሷን ሣጥን ሲተክል የአሮጌዋን አደረጃጀት ከነዜዱ፣ ከነሌሊት ስምንት ሰዓቱ ይገለብጥላታል። ከዚያም ቢሾፍቱ በሚገኝ ሆቴል፣ ከነአበሉ፣ ስለ መረጃ ደኅንነት የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው የተሳካ እንደነበረ ሰምቻለሁ፤ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዙ የተጠየቁት ፎቶግራፎች ግን በአንዲት ተሳታፊ ስልክ ላይ ብቻ ስለነበሩ፣ ስልኩም በመልስ ጉዞ ታክሲ ውስጥ ስለተረሳ፣ ሪፖርቱ ያለ ፎቶ ቀርቧል።