ካልሰማችሁኝ ለምን ቀጠራችሁኝ?

በቃ፣ ዛሬስ አልቻልኩም! የጭኑ የኋላ ጡንቻ የተጎዳበትን ተጫዋች «ገና ነው፣ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ አልጀመረም» ብዬ በጽሑፍ ሰጠሁ። አሰለፉት። ከእረፍት በፊት ጭኑን ይዞ ወደቀ።

ሐዋሳ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ ባለሙያ ማለት የልምምድ ኮን የሚደረድርና ሰዓት የሚይዝ ሰው ነው እንዴ? ይሄ ጡንቻ አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ ይደገማል። ተጫዋቹ ቶሎ ሲመለስ ደግሞ ይብሳል። «በደንብ እየሄደ አይደል?» ይሉኛል። መሄድና በሙሉ ኃይል መሮጥ አንድ ነው? ጡንቻው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እኮ በፍጥነት ሲሮጥ፣ እግሩ ወደፊት ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ሲል ነው። ያኔ ነው ከባዱ ጫና የሚያርፍበት። በእርምጃ ይሄ እንዴት ይታወቃል?

«በእኛ ጊዜ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ይገባ ነበር» የሚለውማ አቃጠለኝ! ትኩስ ጉዳትን ማሸትና ማሞቅ መድማቱን እንደሚያባብስ ስንቴ ልናገር?

ልጁ እንጀራው እግሩ ነው። ቤተሰብ ያስተዳድራል። ጉዳቱ ሲደጋገም ማን ያስፈርመዋል? አሰልጣኙ? ኮሚቴው?

ከእንግዲህ ያልፈረምኩለትን ተጫዋች ስታሰልፉ «ባለሙያ አይቶታል» አትበሉ። አይቼ አይሆንም ብያለሁ!