ያልተቆጠረ ወጥ

ሰኔ ማለቂያ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሰኔ 30 ሳይደርስ የተረፈውን በጀት ለመጨረስ ድንገት ሥልጠና ትዝ የሚለውና ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድበት ሰሞን። እኔ የተረፈ በጀት ስለሌለኝ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።

ዜናው የ2018 በጀት ጸደቀ አለ። 1.93 ትሪሊዮን ብር! የ2017ቱ መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር።

«በስመ አብ! እጥፍ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዓመት ነው። ከስልኩ ቀና ሳይል «አባዬ፣ ቁጥሩን ለብቻው አትየው። በጂዲፒ፣ ማለትም ሀገሪቱ በዓመት በምታመርተው ጠቅላላ ዋጋ፣ አካፍለው» አለኝ።

የፈረንሳይ መንግሥት የሚያወጣው ሀገሪቱ በዓመት ከምታመርተው 57 በመቶ ያህል ነው። የኛ ከዚያ አጠገብ ሲቆም ከሲታ ነው። የሚሰበሰበው ግብር ራሱ ከጂዲፒው 10 በመቶ አይሞላም።

«ስለዚህ ከኢኮኖሚው አንጻር ትንሽ ነው» አለ።

አንጻር! ዕድሜ ልኬን ስፈልጋት የኖርኩት ቃል። ቅዳሜ ግሮሰሪ ያጠፋሁት ገንዘብ ሦስት ቀን ሲያስኮርፍብኝ ከርሟል። ለካ የጎደለኝ አካፋይ ነው። ወዲያው የዕድር ደረሰኝ ገልብጬ ሒሳብ ጀመርኩ። ደመወዜ ለአካፋይነት አነሰብኝ። «የእናትህን ወጥ፣ እንጀራ፣ አጠባ በገበያ ዋጋ ደምርልኝ» አልኩት።

«አይደመርም።»

«እንዴት አይደመርም?»

«ገበሬው ለራሱ ጎተራ ያስገባው ጤፍ እንኳ ይቆጠራል። ያንን ጤፍ ቤት ውስጥ አቡክቶ መጋገር ግን ጂዲፒ ውስጥ አይገባም። ለራስ ቤት ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነዋ።»

ጓዳ የድስት ክዳን ወደቀ። ከዚያ ዝም። እኔ ይቺን ዝምታ አውቃታለሁ።

ባለቤቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ወጥ አልተቆጠረም?»

«እማዬ፣ እኔ ሳልሆን ዓለም አቀፍ አሠራሩ ነው...»

«አንተስ?» ወደኔ ዞረች። እኔ ምን ልበል? ሚኒስትር አይደለሁ፣ መግለጫ አልሰጥ። «ከ... አንጻር» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

«በል እንግዲህ፣ ዛሬ የሚቆጠረውን ብላ።»

ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ሰፈራችን ካለች ሽሮ ቤት ገብቼ ተጋቢኖ አዘዝኩ። እየተንተከተከ መጣ። እውነቱን ለመናገር የቤቴን ሽሮ አያህልም፤ ግን ይቆጠራል። በያንዳንዱ ጉርሻ ጂዲፒው ከፍ፣ የመንግሥት ወጪ ድርሻ ዝቅ ሲል ታየኝ። ሀገሬን እንዲህ ጠቅሜያት አላውቅም።

250 ብር ቆጥሬ ሰጠሁና ደረሰኝ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ዛሬ ኔትወርክ የለውም» አለኝ አስተናጋጁ።