ቅሬ የማይደርስበት አገር

ደሴ ላይ የዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው «የት ትሄዳለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። «አለህ እንዴ?» ነው የሚባለው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ወጥመድ ነው። «አዎ፣ አለሁ» ያለ ሰው ፈቃዱን እዚያው ቆሞ ለሰፈሩ አስረክቧል። ድንኳን ተካይ ሲጎድል እሱ አለ። ቀባሪ ሲያንስ እሱ አለ። ለሰርግ ወንበር ቆጥሮ ተረክቦ፣ ቆጥሮ የሚመልስ ሲጠፋ ያው እሱ አለ።

ሒሳቡን እንሥራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቶ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው እንግዲህ 20 ቀን አለው። እነዚህን 20 ቀናት ቤቱ ሆኖ ላሳልፍ ቢል እንዲህ ያልቁለታል፦ ሁለት ለቅሶ፣ ሦስት ሦስት ቀን እየተቀመጠ፣ 6 ቀን። አንድ ሰርግ፣ ዳስ ከመጣል እስከ ዳስ ማፍረስ፣ 4 ቀን። «እግረ መንገዴን ሳሎኑን ቀለም ልቀባ» ያለው ሥራ፣ በሦስት ቀን ሊያልቅ ታስቦ፣ 6 ቀን። (የደሴ ግድግዳ ጉም ጠጥቶ ያድራል። ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ያብጣል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ ባለቤቱ መፋቂያ ይዞ እንደ አዲስ ይጀምራል።) የቀበሌ ጉዳይ 2 ቀን። ቀሪዎቹን 2 ቀናት ጉንፋን ይወስዳቸዋል። ሰኞ ሥራ ሲገባ «ዕረፍት እንዴት ነበር?» ይሉታል።

የነገሩ ሁሉ እምብርት ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ በጽሑፍ ያልሰፈረ የራሱ ካርታ አለው፤ በዚያ ካርታ ላይ ከተሞች የሚለኩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን ከቀብር በማስቀረት አቅማቸው ነው። ኮምቦልቻ ያለ ሰው እንዳለ ይቆጠራል። ሐይቅ ያለ ሰው እንዳለ ይቆጠራል። ባቲ ያለ ሰው ንጋት ላይ ከተደወለለት ለቀብሩ ይደርሳል። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ እንኳ «ኮምቦልቻ አውሮፕላን ያርፍ የለም እንዴ?» ይባላል። «ውጭ አገር ነው» የተባለ ጊዜ ብቻ የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ መዝገቡን አይቶ «እ…» ይልና ስሙን ያልፈዋል። እንግዲህ ደሴዬ ውጭ አገር ለዕረፍት ሄደ ሲባል ባሕር ናፍቆት የሚመስለው ካለ፣ ቅሬ ገብቶ አያውቅም።

ከአገር ቤቱ እንጀምር፤ ርካሹ እሱ ነው። «አየር መቀየር» የሚለውን ቃል እንደወረደ የሚፈጽም መንገድ ቢፈለግ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያክል የለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም ላይ ተዘርግታለች። አየር በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ አራት ዲግሪ ሙቀት ይገዛል፤ በሚኒባስ ሒሳብ። ችግሩ ልብስ ነው። ደሴዬው ካፖርቱን ለብሶ ይወርድና ቀኑን ሙሉ በክንዱ እንደ ሕፃን አቅፎት ይዞራል። ኮምቦልቻዬው በሸሚዝ ይወጣና ፒያሳ ላይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ቡና ቤት ይፈልጋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ሆድ አለ። ጠመዝማዛው ላይ ጆሮ «ዞርን» ሲል ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን «የለም፣ ቁጭ ብለናል» ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ያስታርቃቸዋል፣ በፌስታል። ስለዚህ ፊት መቀመጥ፣ ስልኩን ኪስ መክተት፣ ዓይንን ሩቅ መንገዱ ላይ መጣል። ሎሚ ማሽተት ለሚያምንበት ይሠራል።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዓሣው በጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተንጠባጥቦ የደረሰ ቤተሰብ ዓሣው አልቆ ሽሮ ያዝዛል፣ ሽሮውን እቤቱ ትቶት የመጣውን። ሌላው ስሕተት እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ይፈጸማል። አባት ስለ ኢየሱስ ሞዓ፣ ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ስለ ብራና መጻሕፍቱ መንገዱን ሙሉ ሲያስተምር ይመጣል፤ ገዳሙ ግን ሴት አያስገባም። እናትና ሦስት ሴት ልጆች ውጭ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ አባትና የአራት ዓመቱ ወንድ ልጅ ገብተው ይጎበኛሉ። ሲወጡ የሚጠብቃቸው ፊት ምን እንደሚመስል ያገባ ያውቀዋል።

ባቲ የሚሄድ ቀኑን ይይ። ገበያዋ ሰኞ ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ግመሉም ፍየሉም የሚገናኘው ሰኞ። ቅዳሜ ዕረፍቴ ነው ብሎ የሄደ ባዶ ሜዳ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ቅኝቷንም ቢሆን ከመኪናው ቴፕ ነው የሚሰማት።

ወሎ ግን ከጥንት ጀምሮ አገሩን ሲዞር የኖረ ሰው ነው፤ መዝናናት ብሎ አልጠራውም እንጂ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ፣ በመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚከተመው ሕዝብ ሆቴል አይዝም፣ ስለ አልጋ አያማርርም፣ «ቁርስ ይጨምራል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አንድ ኪሎ በሶ፣ ጋቢ፣ ዱላ፣ አለቀ። ቅሬውም ደስ ብሎት ይለቀዋል፤ ዳኛው ራሱ ስለሚሄድ።

አሁን ወደ ውጩ። በቅርበት ከሆነ ለኮምቦልቻ የሚቀርበው ውጭ አገር ጅቡቲ ነው፤ መንገዱ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ይወስዳል። ነገር ግን የከባድ መኪና ሹፌር ጎረቤት ያለው ሰው ጅቡቲን ውጭ አገር ብሎ አይቆጥርም፤ ጎረቤቱ በየጊዜው ደርሶ ይመጣላ። በዚያ ላይ በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘልላል። ዐረብ አገር ደግሞ በወሎ ቋንቋ የሥራ ስም ነው። «ዱባይ ልዝናና ሄጄ መጣሁ» ያለችን ልጅ እናቶች በሐዘኔታ ያይዋታል፤ «አሠሪዋ ክፉ ሆና ነው፣ ደብቃን ነው» እያሉ። ማብራሪያ የማይጠየቅበት የውጭ ጉዞ ሐጅ ብቻ ነው፤ ሲመለሱም አምስት ሊትር ዘምዘም ለመቶ ሰው እንዴት እንደሚዳረስ ማወቅ ይበቃል። (በቡና ስኒ፤ እሱም ግማሽ ግማሽ።)

ስለዚህ ዓይን አውሮፓ ላይ ያርፋል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ከ15 ቀን ያላነሰ ጊዜ ሲቀር ይገባል። ፓስፖርቱ ከተሰጠ ከ10 ዓመት ያልዘለለ፣ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነውና ለአሥር ጣት 400 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ ከዚያ በፊት ግን እንደ ሁልጊዜው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መደወል አለ። ፎቶው 3.5 በ4.5 ሳንቲ ሜትር፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ። እዚህ ላይ ፎቶ ቤቶቻችን ደግ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ጠባሳ ያጠፋሉ፣ ፊት ያቀላሉ፣ አሥር ዓመት ይቀንሳሉ። ደግነቱ ለመታወቂያ ካርድ ያምራል፤ ቪዛ ላይ ግን ሰውዬው ራሱን ያልመሰለ ሰው ሆኖ ይቀርባል። «ምንም እንዳትነካው» ብሎ መማጸን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቀው የባንክ ሒሳብ መግለጫው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ ገብቶ በሳምንቱ የሚያልቅበት ደብተር፣ ማመልከቻው ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ማክሰኞ ዕለት በስድስት መቶ ሺህ ብር ይሰባል። አክስት፣ አማች፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም ለአንድ ሳምንት አውሰውት ነው። ኤምባሲ ውስጥ ያለው ሰው ግን የሚያየው ስንት እንዳለ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደመጣ ነው። በአንድ ጀንበር ያደገ ሒሳብ የውሰት መሆኑን ለማወቅ ወሎ መወለድ አያስፈልግም። መሬት ተሸጦም ከሆነ ውሉ ይያያዝ፣ መኪና ተሸጦም ከሆነ ውሉ ይያያዝ፤ ካልሆነ ደብተሩን በከሳ ፊቱ ማቅረብ ይሻላል።

መልሱ እስከ 45 ቀን ድረስ ሊቆይ ይችላል። የክልከላው ቅጽ ላይ ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ፣ ቪዛው ሳያልቅ ተመልሰው ስለመውጣትዎ ጥርጣሬ አለን የሚለው ነው። ለዚህ ጥርጣሬ ማጥፊያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት ይቀርባል። የቅሬ ደረሰኝ ግን ማንም አያያይዝም! ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ወር ዕዳ ቅሬ የከፈለ ሰው፣ መቶ ሰባ ሰው የቀበረ ሰው፣ ብድሩን ሳያስመልስ የት ይቀራል? ፓሪስ ማን ይቀብረዋል? ከቤት ካርታ ይልቅ ይህ ማስረጃ ነበር፤ ኤምባሲዎቹ ማንበቡን አልተማሩትም።

ቪዛው ተገኘ እንበል። አሁን ሻንጣ። ሚዛኑ 23 ኪሎ ይላል፤ ባዶው ሻንጣ ራሱ አራት ይወስዳል። ቀሪው 19 ኪሎ የተጓዡ አይደለም፣ የአደራ ነው። የአምስት ቤት በርበሬና ሽሮ በሁለት ሁለት ኪሎ 10፣ ቡና 4፣ ድርቆሽ 3። ለሱሪና ለሸሚዝ ሁለት ኪሎ ይቀራል። እነዚህን ኤርፖርት ላይ ሰው እያየ ከማራገፍ አስቀድሞ ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስመዘን ነው፤ ባለ ወፍጮው «ምን እህል ነው?» ቢል አለመቆጣት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክል ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ከሻንጣ ይወጣሉ። እናት ቅቤውን በካልሲ ጠቅልላ ብትመልሰውም ሽታው ራሱ ይናገራል።

ስለ በርበሬው መፈንዳት ግን ደሴዬ አይጨነቅ። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ሆኖ ነው የሚያዘው። በባሕር ወለል ላይ ያለችው አሰብ ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ይነፋ ነበር፤ ደሴ የታሸገው ግን ሰማይ ላይ ያው እንደ ቤቱ ነው፣ እንዲያውም ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ ይጨማተራል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ፣ አሥራ አንድ ሺህ ሜትር ላይ ወጥቶ፣ ገና አየር አልቀየረም።

ሲመለስ የሚይዘው ጫማ ነው። ዘመድ ሁሉ እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእስክሪብቶ ዞሮ ሰጥቶታል። የእስክሪብቶው ጫፍ ወደ ውጭ ከራቀ ወረቀቱ ላይ ያለው እግር አንድ ቁጥር ይጨምራል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ይቀንሳል፤ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ደግሞም ቆሞ እንጂ ተቀምጦ አለመለካት፣ እግር ሲቆሙበት ይሰፋልና። ካልሆነ ሮም ለሮም ተዞሮ የተገዛው ጫማ ጎረቤት እግር ላይ ይታያል።

ስልክስ? ስልክ ነው ሁሉን ያበላሸው። ድሮ የሄደ ሄዷል። ዛሬ ሰውዬው ወንዝ ዳር ተቀምጦ የሚጠጣውን ሳይጨርስ ኢሞው ይንጫጫል። «እገሌ አርፈዋል። አንተ እንኳ ሩቅ ነህ፣ አትምጣ፤ ካለህበት ላክልን።» እዚህ ቢሆን በጉልበቱ የሚከፍለውን እዚያ በዩሮ ይከፍላል፤ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ድሃ ነኝ ቢል የሚያምነው የለም።

ይህን ሁሉ የደመሩ ብልሆች ሦስተኛ መንገድ አበጅተዋል፤ «ውጭ ነኝ» ብሎ ኮምቦልቻ መቀመጥ። አያያዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መደበኛ ጥሪ አይነሣም፣ በዋይፋይ ብቻ። በፎቶ ላይ ባጃጅ አይገባም። ሰላምታ ሲሰጡ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነቱን አለመርሳት፤ እነሱ ማታ ሲሆኑ «ገና ነው፣ አልመሸብንም» ማለት። ከሰው ዓይን ራቅ ያለ ጭማቂ ቤት፣ ጀርባን ለመንገድ ሰጥቶ። አራት ዲግሪው ሙቀት እዚያው አለ። አራት ቀን፣ አምስት ቀን በሰላም ይኬድበታል።

በስድስተኛው ቀን ኮምቦልቻ የተዳረች የቅሬው አባል እኅት አማት ታርፋለች። ቅሬው አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ድንኳኑን ጣሪያ ላይ ጭኖ፣ ሐረጎን ይወርዳል። የወረደ ሁሉ ደግሞ ሙቀቱ ይመታዋልና ጭማቂ ይጠማዋል። ዳኛው በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ፣ የለመዱትን ጀርባ ያያሉ። አይቆጡም። ወሎ ናቸው።

«አብሽር ልጄ» ይሉታል፣ ትከሻውን ቸብ አድርገው፤ «እንኳን ደህና ገባህ። ና ተነሥ፣ ድንኳኑን የሚያወርድ ጉልበት አጥተን ነበር።»