ጉቶውንም እንየው

ስለ ችግኝ ተከላ የተጻፈውን ጽሑፍ እዚህ አነበብኩ፤ ጉዳዩን ማንሳቱ ጥሩ ነው። ግን ባለፈው ክረምት ሰፈራችን የተተከሉትን ሄጄ አየኋቸው። አንዳንዱ ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው። አፈሩን ጫር ሳደርገው ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ደርቋል። በጣም አዘንኩ።

እስቲ የወላይታን ሁምቦ እዩ። ተራራው ተራቁቶ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ይጠርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በተራድኦ ድርጅቱ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ደኑን የመመለስ ሥራ ተጀመረ፤ ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ተከለለ። የሚገርመው፣ አብዛኛው ዛፍ አልተተከለም! የተቆረጠው ዛፍ ሥሩ አልሞተም ነበር። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ጠንካራና ቀጥ ያሉትን ጥቂቶቹን ያስቀርና ሌላውን ይመለምላል። የተመለመለው ማገዶ ይሆናል፤ ሳሩም ታጭዶ ለከብት።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ባለቤትነቱ ነው። ገበሬዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ተረከቡ። ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦን የዓለም ባንክ ሲከፍል ገንዘቡ ለእነሱ ነው የደረሰው፤ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩበት። ታዲያ እንዲህ ያለውን ዛፍ ማን ያስነካል?

እናንተ አካባቢ እንዲህ ተከልሎ ያገገመ ተራራ ካለ እባካችሁ እዚህ ጻፉልኝ። ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ።