«ውልና ማስረጃ ያየዋል» አሉን፣ ቀብዱንስ ማን አየው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው ደሜ የፈላው። ስለ ቤት ሽያጭ የሚወራበት ፕሮግራም ነው፣ እንግዳው «የሪል ስቴት አማካሪ» ተብሎ ነው የተዋወቀው፣ አዘጋጁም ደህና ጥያቄ ጠየቀው፦ ደላላ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የሕግ ፈተና ይፈተን ለሚሉ ሰዎች ምን ትላለህ? ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ደላላ ገዢና ሻጭ ያገናኛል፣ በቃ፣ ሕጉን ውልና ማስረጃ ያየዋል፣ ሕግ የሚፈልግ ሰው ጠበቃ ይሁን» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ አለፈው። ልክ ነው? ምኑ ነው ልክ?

እኔ ደላላ ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከአያት እስከ ለቡ ያልረገጥኩት ሰፈር የለም (እሺ፣ ጀሞ ብዙም አልሠራሁም)። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ደላላን የሚጠላ ሰው ሆኜ አይደለም። ግን «ውልና ማስረጃ ያየዋል» የሚለውን ነገር የሚናገር ሰው ወይ በሕይወቱ አንድ ቤት አላሻሻጠም፣ ወይ ደግሞ አሻሽጦ ያበላሸውን ሌላ ሰው አስተካክሎለታል።

ውልና ማስረጃ መቼ ነው የሚኬደው? መጨረሻ ላይ ነው! ቤቱ ከታየ በኋላ፣ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀብዱ ከተበላ በኋላ። ቀብድ የሚከፈልበትን ቦታ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ካፌ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ማኪያቶ፣ ከጎን ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ ባለመስመር ወረቀት፣ ሻጭ፣ ገዢ፣ የገዢ ወንድም ወይም አማች፣ እና ደላላው። ወረቀቱን የሚጽፈው ማነው? ደላላው። «እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚለው ማነው? ደላላው። ምስክር ሆኖ የሚፈርመው? እሱም ብዙ ጊዜ ደላላው ነው፣ ውሉ ካልተፈረመ ኮሚሽኑ የሚቀርበት ሰው ማለት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጠበቃ የለም፣ ዳኛ የለም፣ የውልና ማስረጃ ሠራተኛ የለም። ብሩ ግን አለ፣ ለዚያውም የሰው የ20 ዓመት ቁጠባ፣ ወይም ከዓረብ አገር በላብ የተላከ ብር። እና ያ ሁሉ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሕግ ማወቅ የሚጠበቅበት ማንም የለም ነው የምትሉን?

ደላላው ታዲያ ወረቀቱ ላይ ምን ይጽፋል? ሁላችንም የምንጽፈውን ነዋ፣ «ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይከፍላል»። እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ላይ፣ ቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ፣ እንደዛ ነው የሚለው። ደላላ ሁሉ ይሄን በቃሉ ያውቃል። ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ ቢመለስ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት ይላል። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕጉ የጠየቀው ፎርም ካልተሟላ የተጻፈው ነገር ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው ይላል። ረቂቅ! የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይሄንኑ አጥብቆ ነው የያዘው፣ በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ደግሞ ሻጩ ራሱ መሸጡን ካልካደ ጉዳዩን በሌላ ዓይን አይተውታል። የሰበር ውሳኔ ደግሞ ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ «እጥፍ ይከፍላል» ብሎ በትልቁ የጻፈው ደላላ ለገዢው የሰጠው ምንድነው? ሻጩ የካደ ቀን እጥፉ ቀርቶ የራሱን ብር ለማስመለስ ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚያውቅ ደላላ ወይ ቀብዱን ያሳንሳል፣ ወይ ቀብድ የሚባል ነገር ሳይነካ ሰዎቹን ቀጥታ ይዞ ይሄዳል፣ ወይ ቢያንስ «ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት እስከዚህ ድረስ ነው የሚያስኬደው» ይላል። የማያውቀው ግን ማኪያቶውን ጠጥቶ ገዢና ሻጭን ያጨባብጣል።

እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ ተቃጥዬ ነው ያወቅኩት። በ2006 ገርጂ አካባቢ አንድ ቤት ላሻሽጥ ገባሁ፣ ካርታው በሻጩ ስም ነው፣ እዳ የለበትም፣ እግድ የለበትም፣ ንጹሕ። ሻጩ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ «ሚስት አሉዎት?» ብዬ መጠየቅ ራሱ ነውር መሰለኝ። 200 ሺህ ብር ቀብድ ተከፈለ፣ ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት፣ ምስክርም ሆኜ ፈረምኩ፣ «እጥፍ ይከፍላል» የሚለውን ደግሞ ከሥሩ አሰመርኩበት፣ አሁን ሳስበው ያሳቅቀኛል። ውልና ማስረጃ ስንደርስ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ተጠየቁ። ሚስት አላቸው። ተኳርፈው ለየብቻ ነው የሚኖሩት እንጂ ፍቺ የለም፣ ቤቱም በትዳር ውስጥ የተሠራ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ «አልሸጥም» አሉ። ሰውየው ብሩን ልጃቸውን ሊልኩበት ቀደም ብለው ከፍለውታል። ገዢው 14 ወር ተንከራተቱ፣ እኔም የሠራሁበት ሳይከፈለኝ በምስክርነት ፍርድ ቤት እየቀረብኩ፣ በገዢው ፊት እያፈርኩ።

እንግዲህ የሬዲዮው ሰውዬ ይምጣና ይንገረኝ፣ ውልና ማስረጃ ሥራውን አልሠራም? ሠርቷል! በደንብ ነው የሠራው፣ ሚስት መኖሯን ያወቀው እሱ ነው። ያኔ የነበረው የሰነዶች ማረጋገጫ አዋጅ አጣራ ያለውን አጣርቷል። ግን ያጣራው ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። እሳት አደጋ ጥሩ ነው ብለህ ቤት ውስጥ ክብሪት ለሕፃን አትሰጥም አይደል?

የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ያን ያህል ጠልቀው የሚቆፍሩት ነገር አይደለም። በአዋጅ 213/1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፣ አለቀ። አንዱ ብቻውን ከሸጠ ሌላው ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ይሄ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው። አምስት ደቂቃ! እኔ ግን 14 ወርና ስሜን ከፈልኩበት።

ውክልናም እንደዛው ነው። ሰው ውጭ አገር ካለ ወንድሙ «ውክልና አለኝ» ብሎ ይመጣል፣ ደላላው ማኅተሙን አይቶ ይረካል። ግን ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያስችልም፣ ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፣ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አለ ወይ ብሎ ማንበብ ነው እንግዲህ። ወካዩ በሕይወት አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ሌላ ነው፣ አንዳንዱ የሞተ ሰው ውክልና ይዞ ቤት ሊያሳይህ ይመጣል።

ደግሞ ውልና ማስረጃ ጭራሽ የማያየው ነገር አለ። ግቢውን አያየውም እኮ። ካርታው ላይ 175 ካሬ የተጻፈ ቤት አጥሩ ተገፍቶ 230 ሲሆን የሚያየው ቆሞ የሚለካው ደላላ ነው። ጨረቃ ቤት (ያለፈቃድ የተሠራው) በመንደር ውል፣ ሰፈር ውስጥ በተጻፈ ወረቀት፣ ሲሸጥማ ውልና ማስረጃ ጫፍም አይደርስ። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም ሲባል አንድ በኩል ውክልና፣ አንድ በኩል ደግሞ የውሸት የብድር ውል ተጽፎ ሲሸጥ ያየ ደላላ የለም እንዳትሉኝ፣ ሁላችንም አይተናል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «250 ካሬ ባዶ መሬት በአስቸኳይ የሚሸጥ» ይላል፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ተጽፎ እያለ፣ የሊዝ አዋጁም (721/2004) ግንባታው ሳይጀመር ወይም ሳይጋመስ መብቱን ለማስተላለፍ የራሱን ሥርዓት አስቀምጦ እያለ። ማስታወቂያውን የለጠፈው ልጅ አጭበርባሪ ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፣ አያውቅም ብቻ ነው። ያስተማረው የለማ!

ሰውዬው ሌላም ነገር ብሏል፣ «ልምድ ከሁሉ ይበልጣል» ብሏል። ልምድ! ከዚህ በላይ የነገርኳችሁ ታሪክ ልምድ ነው። የደላላ ልምድ ማለት በሰው ብር ተሳስቶ መማር ማለት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደንበኞቹ የትምህርት ቤት ክፍያውን ይከፍሉለታል። እና ሰውዬው ራሱ ሥልጠና ይሰጣል አሉ። ምን እንደሚያስተምር ማወቅ አይከብድም፣ እነዚህን ሥልጠናዎች ሁለት ቦታ ገብቼ አይቻቸዋለሁ፦ «ክሎዚንግ»፣ «ፎሎው አፕ»፣ ደንበኛ «አስብበታለሁ» ሲል እንዴት እንደምታጣድፈው። አንዱ ጋ የተሰጠን ወረቀት ከውጭ አገር እንዳለ የተገለበጠ ነበር፣ ኤስክሮው (ብሩን ሽያጩ እስኪያልቅ ሦስተኛ ወገን የሚይዝበት) ምናምን የሚል፣ እዚህ ካፌ ውስጥ ቀብድ በጥሬው ለሚቆጥር ሰው። ስለ 1723 አንድ መስመር የለም። ሰው እንዲቸኩል ማድረግ ተምሮ፣ የቸኮለው ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ሳይማር የሚወጣ ልጅ አደገኛ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና።

«ፈተና ከመጣ የድሃ ልጅ ከሥራ ይወጣል» የሚሉም አሉ። ይሄኛውን በቁም ነገር እሰማዋለሁ፣ እኔም መንገድ ዳር ቆሜ ነው የጀመርኩት። ግን የድሃ ልጅ መንጃ ፈቃድ ተፈትኖ አያወጣም እንዴ? በአማርኛ ይፈተን፣ በሌላም በሚችለው ቋንቋ ይፈተን፣ ክፍያው ትንሽ ይሁን፣ ሦስቴ ቢወድቅ አራተኛ ይሞክር። ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ የሚጠይቅ ሰው 10 ሚሊዮን ብር በሚሸጥ ቤት 400 ሺህ ብር ነው የሚጠይቀው፣ ለዚያ ብር 30 ገጽ ማንበብ በዛበት ከተባለ ምን ይባላል? የገዢው ልጅስ ድሃ አይደለም?

አዎ፣ ፈተና ሌባን ጻድቅ አያደርግም። ገባኝ። ሕግ አውቆ የሚያጭበረብር ይኖራል፣ አሁንም አለ። ግን እኔ በ14 ዓመት ካየሁት ጣጣ አብዛኛው ከሌብነት የመጣ ሳይሆን ካለማወቅ የመጣ ነው፣ ቢያንስ እሱን እንቀንስ።

ደግሞ የ1952ቱ የንግድ ሕግ እንኳ ደላላ የሚባል ሥራ መኖሩን ያውቅ ነበር። በ2017 የወጣው የሪል ስቴት አዋጅ ደግሞ ስሙ ላይ ራሱ «የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ» ይላል። ግብይቱን መሬት ላይ የሚሠራው ማነው ታዲያ? እኛው ነን። ኪራይ ላይም ያው ነው፣ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ አይጠየቅም፣ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም እያለ፣ ዛሬም «የስድስት ወር ቅድሚያ ነው የሚፈልጉት» እያለ ተከራይ የሚያስጨንቀው የእኛው ሰው ነው።

ፈተናው እንዲከብድ አልፈልግም። አንድ የቀብድ ወረቀት ይሰጠው፣ የተፈረመ፣ ሻጩ ባለትዳር የሆነ፣ ውክልናው ጠቅላላ የሆነ፣ ካርታውና ግቢው የማይገናኝ፣ እና «ችግሩን አውጣ» ይባል። ያወጣ ፈቃዱን ይውሰድ። ያላወጣ ሰው ቤት ለማሳየት ቁልፍ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ።

የሬዲዮ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ደወለች። 300 ሺህ ብር ቀብድ ከፍላለች፣ የሻጩ ባለቤት አልፈርምም ብላለች፣ ምን ላድርግ አለች። እንግዳው ትንሽ ዝም አለና «ጠበቃ ብታማክሪ ጥሩ ነው» አለ። አዘጋጁ ጣልቃ ገብቶ «ያገናኘሽ ደላላ ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ስልኩን አጥፍቷል» አለች።