የዴንቨር በረዶና የጣና ዳር ክርክር

ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን ነው። ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ቡና የሚያፈሉ እትዬ ዘንድ ተሰብስበናል። አንደኛው ከዴንቨር ለበዓሉ የመጣ ነው። ባለቤቱና ልጆቹ በትምህርት ምክንያት እዚያው ቀርተዋል። ቪዲዮ ተላከለትና እየሳቀ ስልኩን አዞረልን።

ልጆቹ ከሁለት ወዳጅ ቤተሰብ ልጆች ጋር ኮረብታ ላይ ናቸው። ምድሩ ነጭ ነው። በፕላስቲክ ሸርተቴ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ተንከባለው ይነሳሉ፣ በረዶ እየጠፈጠፉ ይወራወራሉ። እናትየው ጀርባዋን ተመትታ ትጮኻለች።

"ምነው ሸዋ!" አሉ እትዬ። "የሳንባ ምች ቢይዛቸውስ?"

"ልብሱን ይዩት እንጂ" አለ አባት። "ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ። ጥጥ አናለብሳቸውም፤ ከረጠበ ሙቀት አይይዝም።"

"ያቺ ትንሿ ጓንቷን አውልቃ የለም እንዴ?"

ደግሞ አየው። እውነታቸውን ነው። ወዲያው ለሚስቱ መጻፍ ጀመረ።

ከደባርቅ የመጣው አስጎብኚ ጣልቃ ገባ። "በረዶ ለማየት ዴንቨር ድረስ ምን አስኬደህ? ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ይጥላል፣ ጠዋት ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ይቀልጣል።"

"በከፍታ ከሆነማ" አለ ባለ ዴንቨሩ፣ "ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። እናንተ ትበልጣላችሁ።"

ይህን ማንም አልጠበቀም። ጡረተኛው የታሪክ መምህር ነገሩን ፈቱት። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ዴንቨር 40 ገደማ። በጥር እዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ታልፋለች፣ ቀኑም አጭር ነው፣ ከወደ ሰሜን ቀዝቃዛ አየር ይወርድባቸዋል። በዚያው ወደ አዱሊስ፣ ወደ ጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ ገቡ። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። በዚያ ጽሑፍ አንድ ንጉሥ ራስ ደጀን ስላለባቸው ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥማል ይላል። ጋሼ አዱሊስ ከገቡ ቶሎ አይወጡም፤ ሁለተኛው ቡና ባይቀዳ ኖሮ አክሱም ያደርሱን ነበር።

"ይሁን" አለ ባለ ባጃጁ። "ግን ይሄ ቅንጦት ነው። ሰው ሥራ የለውም?"

ባለ ዴንቨሩ ተቆጣ። "ቅንጦት? ታኅሣሥ ላይ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ከሥራ ስትወጣ ጨልሟል። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ እሷ የቀን። ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ አይጠራህም። ልጆቼ ከእኩዮቻቸው ጋር አማርኛ የሚያወሩት ከነዚህ ልጆች ጋር ብቻ ነው። ሦስቱም ቤት እረፍት የሚገጥምበት ቀን ስንት ይመስልሃል? የዴንቨር በረዶ ደግሞ ፀሐይ ከወጣ አይቆይም። ያን ቀን ካልወጣህ አለቀ።"

እትዬ ወደ ባለ ባጃጁ ዞሩ። "አንተስ? ሐይቁ ደጅህ ነው። ልጆችህን መቼ ይዘህ ወረድክ?"

"ቢልሃርዝያ አለበት እኮ። ጉማሬም አለ።"

"ግባበት አልኩህ?"

"ዳሩስ ቢሆን ሆቴሉና መዝናኛው ይዞት የለ? ቁጭ ካልክ ለስላሳ እዘዝ ትባላለህ።"

እኔ ለእትዬ እፈርዳለሁ። የጓንቱን ነገር ከሁላችንም ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው፤ የልብሱ ማብራሪያ ጥሩ ቢሆንም ጓንት ያወለቀች ልጅን አያሞቅም። ባለ ባጃጁ ግን ቅንጦት ያለው አልተዋጠልኝም። ሸርተቴው ፕላስቲክ ነው፣ ኮረብታው የከተማው መናፈሻ ነው፣ ማንም መግቢያ አልከፈለም። ሦስት ቤት ተጠራርቶ መውጣቱ ነው የከበደው፣ እሱ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። ስለ ዳሩ የተናገረው ልክ ነው፤ ነጻው ቦታ ጠቧል። ቢሆንም ሁሉም አልታጠረም። ውኃው ሳይነካ ኳስ የሚያጫውት ሣር አሁንም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች በአንድ ባጃጅ ጭኖ መውረድ ለሱ ከማናችንም ይቀለዋል። ብቻ ጥሏቸው እንዳይመለስ፤ እሱም አብሯቸው ይጫወት።