ከዲር ግጭት በኋላ ሞተር ላይ መመለስ፦ እዚህና አገር ቤት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖር ሐበሻ «አጋዘን» ሲል ብዙም አይሰማም፤ «ዲር» ነው የሚላት። «ዲር ገባችበት» ከተባለ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሊመሽ ሲል ከጫካው ጥግ ስልሳም ሰማንያም ኪሎ የምትመዝን እንስሳ ዘላ መንገድ ገብታለች ማለት ነው። በመኪና ከሆነ የሚጎዳው መብራትና ኮፈን ነው፤ በሞተር ከሆነ ግን ሰውዬው ራሱ ነው። ከተረፈም አጥንቱ ይጠገናል፣ ኢንሹራንሱ ሞተሩን ያሠራል፣ ሞተሩ ግን ሸራ ለብሶ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። ቤተሰብ «እግዜር አንዴ አትርፎሃል፣ ሁለተኛ አትፈታተነው፤ ሽጠው» ይላል። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ቢሸጥም ፍርሃቱ አብሮ አይሄድም፤ መኪና ውስጥ ሆኖም ያንን የጫካ ጥግ ሲያይ እጁ መሪው ላይ ይደርቃል።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሞተር እንጀራ ነው። ከብት ከግጦሽ በሚመለስበት ሰዓት አህያና ጥጃ፣ ውሻም ከመንገድ አይጠፋም፤ በአፋር መንገድ ደግሞ ግመል አለ። አህያ የመታ ሞተረኛ አቧራውን አራግፎ በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ ነው፤ የቤት ኪራይ ፍርሃቱ እስኪያልፍ አይጠብቀውም። ደግሞም አህያው ባለቤት አለው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሣ ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል፤ ሰውዬው የደረሰበትን ደጋግሞ ያወራል፣ ሰሚም አያጣም። እዚህ ዲሯ ባለቤት የላትም። ፖሊስ መጥቶ ሪፖርት ይጽፋል፣ በቃ። (በኢንሹራንሱ በኩል እንስሳ መምታት የሚከፈለው «ኮምፕሪሄንሲቭ» ከሚባለው ነው፤ ከዲሯ ሸሽቶ ዛፍ የመታ ግን «ኮሊዥን» ውስጥ ይገባል። «ፉል ከቨር አለኝ» የሚል ሰው ሁለቱም ወረቀቱ ላይ መኖራቸውን አስቀድሞ ይይ።) ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን ይቀራል።

አገር ቤት ሳይደረግ የሚቀረው ምርመራው ነው። የተጣመመ መሪ በጉልበት ይቃናል፣ ጉዞ ይቀጥላል። «ፈራሁ» የሚል ሰው ግን እጁ እውነቱን እየነገረው ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ በእርግጥ ወደ አንድ ጎን እየሳበው ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከሞተሩ ይጀምር። የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣና መሪው ቀስ ተብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይዙር። መሃል ላይ ሲደርስ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ «ቀጭ» ብሎ የሚይዝ ከሆነ መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሄዷል፤ ምቱ ኳሶቹን መቀመጫቸው ላይ አትሟቸዋል። ይህ በግሪስ አይድንም፣ ይቀየራል። ቀጥሎ ከፊት ለፊት ቆሞ ማየት ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው ከዞረ፣ ሁለቱ የፊት አሞርዛቶሮች ማቀፊያቸው ውስጥ ተጠማዘው ይሆናል እንጂ የግድ ታጥፈዋል ማለት አይደለም፤ የማቀፊያው ብሎኖችና የጎማው ዘንግ ላልተው፣ ተስተካክለው፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ልክ በሚለካው) ይጠበቃሉ። መታጠፉ የሚታወቀው የአሞርዛቶሩ ቱቦ ወጥቶ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲንከባለል ነው፤ ከሥሩ ብርሃን ብልጭ ድርግም ካለ ታጥፏል። ዘይት የሚያነባ ጎሚኒ፣ የሚያንጠባጥብ ራዲያተር፣ የተጣመመ የፍሬን ዲስክ (ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲቆም ጣት ላይ ትርታ ይሰማል) አንድ በአንድ ይታዩ።

ሄልሜቱ ከተመታ ይጣል። ላዩ ላይ ጭረት ብቻ ቢታይም ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ለሁለተኛ ምት አይሆንም፤ ተወልውሎ ለወንድም ወይም ለጓደኛ መስጠት ትልቅ በደል ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ራስ ምታቱና ማዞሩ ለቆት ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ አይንዳ። ከወር በላይ ሌሊት የሚያባንነው፣ ግጭቱ በቁሙ የሚመጣበት ከሆነ ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ባለሙያ ያማክር። እኛ ዘንድ «እኔ አብጃለሁ እንዴ?» እየተባለ የሚታለፈው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይሠቃያል።

አሁን ወደ ዋናው። አገር ቤት ሞተር የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «የእጁን ፍሬን አትንካ፣ ይደፋሃል» የሚለው ነው (የእጁ የፊት ጎማውን፣ የእግሩ የኋላውን ይይዛል)። ኮረኮንችና አሸዋ ላይ ምክሩ መሠረት አለው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ከማቆም ኃይሉም ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከፊት ነው። የእግሩን ብቻ የረገጠ ሰው የኋላ ጎማው ይቆለፍበታል፣ ሞተሩ ጭራውን እየወዘወዘ ይንሸራተታል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙ አይቀንስም። «ፍሬን ይዤ እምቢ አለኝ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱን ያዝክ?» መሆን አለበት። በእኔ እምነት የጠፋው በራስ መተማመን የሚመለሰው የእጁን ፍሬን በሚይዙት ሁለት ጣቶች ነው። «አይዞህ» መባል ጥሩ ነው፤ እጁ ግን ማቆም እንደሚችል እስኪያይ ድረስ አያምንም።

ልምምዱ እሑድ ማለዳ፣ ባዶ በሆነ ሰፊ ፓርኪንግ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን በዝቅተኛ ማርሽ 20 ደቂቃ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ በሰባት ሜትር ስፋት ውስጥ መዞር ይበቃል። የፈራ ሰው ክርኑ ስለሚደርቅ መሪው አይታዘዘውም፤ በየዙሩ ክርኑን እንደ ክንፍ ያንቀሳቅስ፣ ታንኩን በጉልበቱ ይያዝ። በሁለተኛው ቀን በሰዓት 20 ማይል (30 ኪሎ ሜትር ገደማ) እየመጣ አሥር ጊዜ ይቁም። አያያዙ በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ክብደቱ ወደ ፊት እስኪሄድ ለስለስ፣ ከዚያ ጠበቅ፣ እያደር ይበልጥ ጠበቅ። በአንዴ ጨምድዶ የያዘ ሰው የፊት ጎማው ይቆለፍና ይወድቃል፤ ምክሩ ያስፈራበት አደጋም ይኸው ነው። የፊቱ ከተቆለፈ ወዲያው ለቅቆ እንደገና መያዝ ነው። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ) ያለው ሞተር ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥ ግን ሥራውን እየሠራ ነውና አይለቀቅም። ከዚያ 30 ማይል፣ ቦታው ከበቃ 40።

የ40 ማይል ልምምድ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ያሳያል። በ60 ማይል የሚሄድ ሞተር በሰከንድ 27 ሜትር ይበላል። ለማሰብ አንድ ሰከንድ፣ ለመቆም 46 ሜትር ገደማ ሲደመር ከ70 ሜትር ያልፋል። አጭር መብራት በግልጽ የሚያሳየው ከ50 እስከ 60 ሜትር ነው። በ40 ማይል ግን ሁሉም ተደምሮ 40 ሜትር አይሞላም፤ ዲሯ በመብራቱ ውስጥ ስትታይ ሞተሩ መቆም ይችላል። ማታ በጫካ መንገድ ላይ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ፣ ፍጥነት ከ40 በታች የሚባለው በዚህ ስሌት ነው። መታጠፍ አይመከርም፤ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ ነው። ግጭቱ አይቀሬ ከሆነ በመጨረሻዋ ቅጽበት ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ መሪውን ቀጥ ማድረግ ሞተሩ ሳይደፋ እንዲያልፍ ዕድል ይሰጠዋል። በ30 የተመታች ዲር የምትሰጠው የምት ጉልበት (ኢነርጂ) በ60 ከተመታችው ሩቡን ነው።

ወደ መንገድ ሲወጣ በእኩለ ቀን፣ በሚያውቀው መንገድ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሁን። አገር ቤት ያለው መልካም ነገር እዚህ ቢመጣ የምመኘውም አሁን ነው፦ ጓደኛ ከኋላ በሌላ ሞተር ወይም በመኪና ይከተለው፣ ሲመለሱ ቡና ይጠጡና ሰውዬው የት ላይ እንደደነገጠ ያውራ። ግጭቱ የደረሰበትን ቦታ መጀመሪያ በቀን፣ ፍጥነት ቀንሶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለፈው። ዓይኑ ጫካው ላይ ከተተከለ ሞተሩም ወደዚያው ይሄዳልና መውጫውን ይይ።

የማታው ጉዞ በፀደይ ይሁን፤ በኖቬምበር አይጀመርም። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ወንዱ ሴቷን የሚያሳድድበት ወቅት ነው፣ የኖቬምበር አጋማሽ ይብሳል። በዚያው ወር መጀመሪያ እሑድ እዚህ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስና ቶሎ ስለሚመሽ ከሥራ መመለሻው ልክ ዲሮቹ ከሚንቀሳቀሱበት ምሽት ጋር ይገጥማል። ሞተር ላይ የሚለጠፈው የዲር ማባረሪያ ፉጨት እንደሚሠራ አልተረጋገጠም፤ ገንዘቡ ለጥሩ ጓንት ቢውል ይሻላል። አንዷ ተሻግራ ነጭ ጭራዋ ጫካ ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ነዳጅ ለመስጠት አይቸኮል፤ ሁለተኛዋ ከኋላዋ አለች።